የትምህርት ቤት ምርጫ በኢትዮጵያ

የትምህርት ቤት ምርጫ ወላጆች ወይም አሳዳጊዎች ልጃቸው የሚማርበትን ትምህርት ቤት ራሳቸው የሚመርጡበት መብትና አሠራር ነው። ምርጫው ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል፣ በመንግሥትና በግል መካከል፣ ወይም በማስተማሪያ ቋንቋ መካከል ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ይህን ምርጫ በገንዘብ የሚደግፉ ሕጎች አሉ፤ ልጁ ወደ ግል ትምህርት ቤት ሲሄድ መንግሥት ለእርሱ የመደበው ገንዘብ አብሮት ይሄዳል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ወላጅ ልጁን ከመንግሥት ውጭ በሆነ ትምህርት ቤት የማስተማር ነፃነት አለው፤ ክፍያውን ግን ከኪሱ ይሸፍናል። በዚህ ምክንያት ምርጫው በተግባር የሚወሰነው በቤተሰቡ ገቢ፣ በትምህርት ቤቱ ርቀትና በማስተማሪያ ቋንቋው ነው።

ይህ መጣጥፍ የአገሪቱን ሕግና ታሪክ ካቀረበ በኋላ፣ አሠራሩ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ምን እንደሚመስል፣ ለወላጆችና ለመምህራንም ምን ትርጉም እንዳለው ያብራራል።

ዓይነቶች

በዓለም ላይ የሚታወቁት የትምህርት ቤት ምርጫ ሕጎች በጥቅሉ በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ክፍት ምዝገባ ነው። ተማሪው ከሚኖርበት አካባቢ ውጭ ባለ ሌላ የመንግሥት ትምህርት ቤት መመዝገብ ይችላል። ሁለተኛው ቻርተር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ ግን በውል የተሰጠው የሌላ አካል ነው። ሦስተኛው ቫውቸር ይባላል፤ መንግሥት ለወላጁ የትምህርት ክፍያ ማረጋገጫ ይሰጣል፣ ወላጁም በመረጠው የግል ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል። አራተኛው የትምህርት ቁጠባ ሒሳብ ወይም የግብር ቅናሽ ነው። በዚህ አሠራር ገንዘቡ ለክፍያ ብቻ ሳይሆን ለመጻሕፍት፣ ለአስጠኚና ለመሳሰሉት ሊውል ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ ሕግ የማይጠራው፣ ነገር ግን በሁሉም አገር ያለ አምስተኛ ዓይነት አለ። ቤተሰቡ ጥሩ ትምህርት ቤት ወዳለበት ሰፈር ወይም ከተማ ቤት ይቀይራል፤ ወይም ልጁን ወደ ዘመድ ይልካል። በኢትዮጵያ ገጠር ምርጫ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

የሕግ መሠረት

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13 ስለዚህ ጉዳይ ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ወላጆች በመንግሥት ከተቋቋሙት ውጭ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ለልጆቻቸው የመምረጥ ነፃነት አላቸው። ነፃነቱ አንድ ገደብ አለው፤ የሚመረጠው ትምህርት ቤት መንግሥት ያወጣውን ዝቅተኛ መመዘኛ ማሟላት አለበት። ግለሰቦችና ድርጅቶች ትምህርት ቤት የማቋቋም ነፃነት እንዳላቸውም ተመልክቷል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 11 ተመሳሳይ ሐሳብ ይዟል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት «የትምህርት ቤት ምርጫ» የሚል አንቀጽ የለውም። ከጉዳዩ ጋር የሚገናኙት ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንቀጽ 27፦ ወላጆችና ሕጋዊ ሞግዚቶች በእምነታቸው መሠረት የሃይማኖትና የመልካም ሥነ ምግባር ትምህርት በመስጠት ልጆቻቸውን የማሳደግ መብት አላቸው። አማኞችም የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት ማቋቋም ይችላሉ።

አንቀጽ 41፦ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው። መንግሥትም ለትምህርት፣ ለጤናና ለሌሎች አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ አለበት።

አንቀጽ 90፦ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት።

አንቀጽ 51 እና 52፦ የፌዴራል መንግሥት አገር አቀፍ የትምህርት መመዘኛዎችንና መሠረታዊ ፖሊሲን ያወጣል፤ ክልሎች በዚያ ማዕቀፍ ውስጥ ሆነው ያስፈጽማሉ። ስለዚህ የጅማ ወላጅ በአብዛኛው የሚገናኘው ከፌዴራሉ ሚኒስቴር ጋር ሳይሆን ከከተማው ወይም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ነው፤ ከዚያም በላይ ከኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ጋር ነው።

እነዚህ አንቀጾች በአንድ ላይ ሲነበቡ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሰጣሉ። አንደኛው ነፃነት ነው፤ ወላጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ውጭ ሌላ መምረጥ አይከለከልም። ሁለተኛው የአገልግሎት መብት ነው፤ መንግሥት ሁሉም ልጅ በእኩልነት የሚጠቀምበትን ትምህርት ማቅረብ አለበት። ወላጁ የመረጠውን የግል ትምህርት ቤት መንግሥት እንዲከፍልለት ግን አያስገድዱም።

ታሪክ

ዘመናዊ ትምህርት ከመስፋፋቱ በፊት ልጅን የት ማስተማር እንደሚገባ የሚወስነው ቤተሰቡና የእምነት ማኅበረሰቡ ነበር። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የቤተ ክርስቲያን ትምህርት፣ በጅማና በሌሎች የሙስሊም አካባቢዎች ደግሞ የቁርኣን ትምህርት ዋናዎቹ ነበሩ። ጅማ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በሁለተኛው አባ ጅፋር ዘመን የታወቀ የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። በከተማዋ ከተከፈቱት ቀደምት ዘመናዊ ተቋማት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራ የጀመረው የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ኋላ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ መሠረቶች አንዱ ሆኗል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ ላይ ማን ምን ያህል ይማር የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተብሎ የሚታወቀው ዕቅድ ለአብዛኛው ሕፃን አጭር መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ከዚያ በላይ የሚያልፈው ቁጥር እንዲገደብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ብዙ ወላጆችና መምህራን ዕቅዱን የድሃ ልጆችን መንገድ የሚዘጋ አድርገው አዩት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የተደረገው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሲሆን፣ መንግሥትም ዕቅዱን ለማንሣት ተገደደ።

ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 የግል ትምህርት ቤቶችን በአዋጅ ወረሰ። ከጥቂቶች በስተቀር የግል ትምህርት ቤቶች ወደ ሕዝብ ይዞታ ተዛወሩ። ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል ለአብዛኛው ከተሜ ከመንግሥትና ከሕዝብ ትምህርት ቤት ውጭ ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሁለት ነገሮች አብረው ተለወጡ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ነፃ እንዲሆንም ወሰነ። በተጨማሪም የግል ባለሀብቶች በትምህርት እንዲሳተፉ በሩን ከፈተ፤ በ1987 ዓ.ም. የግል ትምህርት ተቋማት ፈቃድና ቁጥጥር ደንብ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ አደረጃጀቱን ቀየረው። አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ሆነ።

የጅማ ከተማ

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 120,960 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከዚያ ወዲህ በጣም አድጋለች። በከተማዋ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ዳውሮ፣ ጉራጌ፣ ከፋ፣ የምና ሌሎችም ይኖራሉ።

በከተማዋ የሚገኙት ትምህርት ቤቶች በባለቤትነት ይለያያሉ። የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ናቸው። በሰቶ ሰመሮ ቀበሌ ያለው የሰቶ ሰመሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የጅሬን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከእነዚህ ይመደባሉ። ሌሎቹ በግለሰቦች ወይም በሃይማኖት ድርጅቶች የተቋቋሙ ናቸው። ከሁለቱም የሚለየው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ነው።

በሰቶ ሰመሮ የሚኖር ወላጅ ልጁን በአቅራቢያው ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የነዋሪነት ማስረጃና የቀድሞ ትምህርት ቤት ካርድ ያቀርባል። ከሌላ አካባቢ ወይም ትምህርት ቤት ለሚመጣ ተማሪ መሸኛ ይጠየቃል። ቦታ ሲጠብ የአካባቢው ልጆች ቅድሚያ ያገኛሉ። ስለዚህ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረገው ምርጫ ጠባብ ነው፤ የሚሰፋው ቤት ለመቀየር ወይም ልጁን በሌላ ሰፈር ካለ ዘመድ ጋር ለማኖር ለሚችል ቤተሰብ ነው።

የቡና ወረዳዎች

ከከተማው ሲወጣ ሁኔታው ይለወጣል። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የጎማ ወረዳ የቡና ከተማ ናት። ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሰቃና ሻቤም በቡና የሚታወቁ የአካባቢው ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የተወሰኑ የግል ትምህርት ቤቶች ቢከፈቱም፣ አብዛኞቹ በአፀደ ሕፃናትና በታችኛው ክፍል ያተኮሩ ናቸው። በገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ባለበት ቦታ ሕጉ የሚሰጠው የመምረጥ ነፃነት የሚሠራበት ነገር የለውም።

የቡና ኢኮኖሚ በምርጫው ላይ ሁለት ልዩ ተጽዕኖዎች አሉት።

የመጀመሪያው የገቢና የክፍያ ጊዜ አለመገጣጠም ነው። በጅማ ዞን ቀይ እሸት ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥና ጥር ባሉት ወራት ነው። የገበሬው ዋና ገቢ በእነዚህ ጥቂት ወራት ይገባል። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ከመስከረም እስከ ሰኔ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ይጠየቃል። የምዝገባና የመጀመሪያው ወር ክፍያ የሚፈለገው ገበሬው እጁ ባዶ በሆነበት በክረምቱ መጨረሻ ነው። የሚያዝያና የግንቦት ክፍያ ደግሞ የቡናው ብር ለማዳበሪያ፣ ለእህልና ለዕዳ ካለቀ በኋላ ይመጣል። በዓመት ሲደመር ክፍያውን የሚችል ቤተሰብ በወር ሲጠየቅ ላይችል ይችላል።

ሁለተኛው የለቀማ ጉልበት ነው። የለቀማው ወራት ሙሉ በሙሉ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውስጥ ይወድቃሉ። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ቡናው ማሳ ሲሄዱ ከክፍል ይቀራሉ፤ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተናም ወዲያው ይከተላል። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በውጤት ወደ ኋላ ሲቀር ምክንያቱ ሁልጊዜ የማስተማር ድክመት ላይሆን ይችላል።

ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ብዙ የገጠር ቤተሰቦች ወደ ወረዳው ከተማ ወይም ወደ ጅማ ይልኩታል። ልጁ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ስንቁ በገበያ ቀን ከቤት ይላክለታል። በዚህ ጊዜ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ነፃ ቢሆንም የቤት ኪራይ፣ የስንቅና የትራንስፖርት ወጪ አለ። ሴት ልጅን ብቻዋን በከተማ ማኖር ለወላጅ የበለጠ ስለሚያሰጋ፣ ወጪው በሚቻልበት ቤት እንኳ የሴቶች ዕድል ሊጠብ ይችላል።

ከፍተኛ ውጤት ላላቸው ጥቂት ተማሪዎች ሌላ መንገድ አለ። በአዳማ የሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤትና መሰል ልዩ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በውጤት አወዳድረው ይቀበላሉ። ይህ ግን ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመርጥበት ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ተማሪ የሚመርጥበት አሠራር ነው።

የማስተማሪያ ቋንቋ

በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እንደ ጅማ ባሉ ብዙ ቋንቋ በሚነገርባቸው ከተሞች በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ወይም ክፍሎችም አሉ። ስለዚህ በከተማው ያለ ወላጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች መካከል ሲመርጥ በአብዛኛው የሚመርጠው ጥራትን ሳይሆን ቋንቋን ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከሁለቱ የተለየ፣ ለምሳሌ ዳውሮኛ ወይም ከፍኛ የሚናገሩ ቤተሰቦች፣ ከሁለቱ ለልጃቸው የሚቀርበውን ይወስዳሉ።

ምርጫው ውሎ አድሮ ውጤት አለው። በአማርኛ ብቻ ተምሮ ያደገ ልጅ ኋላ በክልሉ መሥሪያ ቤቶች ሲቀጠር አፋን ኦሮሞ ይፈለግበታል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ወላጅን የሚስቡት ለእንግሊዝኛ ከታች ክፍል ጀምሮ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ በመስጠት ነው። በሌላ በኩል ልጆች በሚያውቁት ቋንቋ ማንበብና መቁጠር ሲጀምሩ የተሻለ እንደሚረዱ በብዙ አገሮች ታይቷል፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ፖሊሲውም የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

ለወላጆች ያለው ትርጉም

ትምህርት ቤት ለመምረጥ ወላጅ መረጃ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ከሁሉ የሚጠቅመው ይፋ መረጃ የኢንስፔክሽን ደረጃ ነው። ኢንስፔክሽኑ የመንግሥትንም የግልንም ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ይመዝናል፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 በመቶ ያገኘ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 በመቶ ያገኘ ደረጃ 3፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ደረጃ 1 እና 2 ከመመዘኛው በታች ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች ውስጥ ይገኛሉ።

ሌላው ብዙ ወላጅ የሚያየው የፈተና ውጤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠበት በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በሁለቱም ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ይህ ውጤት ወላጆች የነበራቸውን ብዙ ግምት ቀይሯል፤ ካርዱ ላይ 90 የነበረ ልጅ በአገር አቀፍ ፈተና ሊወድቅ እንደሚችል ታየ።

የፈተና ውጤትን ለማነጻጸር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተማሪን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ከፍተኛ ውጤት ቢያመጣ፣ ከፊሉ የልጆቹ የቀድሞ ዝግጅትና የወላጆቻቸው አቅም ነው። የመጣውን ሁሉ የሚቀበል የመንግሥት ትምህርት ቤት ዝቅ ያለ አማካይ ይዞ ልጆቹን ግን የበለጠ ሊያሻሽል ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ ልጁ ሲገባ የት ነበር፣ ሲወጣስ የት ደረሰ የሚለው ነው።

ወደ ግል ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች ከመክፈላቸው በፊት ማጣራት ከሚገባቸው ነገሮች መካከል እነዚህ ይገኛሉ።

ትምህርት ቤቱ ለሚያስተምርበት ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ የታደሰ ፈቃድ እንዳለው። ለአፀደ ሕፃናት የተሰጠ ፈቃድ ለ1ኛ ክፍል አያገለግልም።

በመጨረሻው ኢንስፔክሽን ያገኘው ደረጃ። መረጃው ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሊጠየቅ ይችላል።

የሚጠቀምበት ሥርዓተ ትምህርትና የማስተማሪያ ቋንቋ፤ በተለይ ተማሪው የክልሉን የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና በየትኛው ቋንቋ እንደሚወስድ።

ከወርሃዊ ክፍያ ውጭ የሚጠየቁ የምዝገባ፣ የመጽሐፍ፣ የደንብ ልብስና የትራንስፖርት ክፍያዎች፣ እንዲሁም ክፍያ የሚጨምረው መቼና ከወላጆች ጋር እንዴት ተመክሮ እንደሆነ።

የክፍያ ጉዳይ በሕግ ጣልቃ ገብነት የታየበት ጊዜም አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዘጉ፣ የትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ወስኖ ነበር።

ሌላ ትምህርት ቤት መምረጥ የማይችል ወላጅ ያለው መሣሪያ ድምፁ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣውና በተለምዶ «ሰማያዊው መጽሐፍ» የሚባለው መመሪያ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በየቀበሌውም የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እንዲኖር አድርጓል። ኅብረቱ በትምህርት ቤቱ ዕቅድና በጀት፣ በሥነ ሥርዓት ጉዳዮችና ከማኅበረሰቡ በሚሰበሰብ መዋጮ ላይ ይወስናል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄም ትምህርት ቤቶችን በማኅበረሰብ መዋጮ ለማደስ ያለመ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ባለበት የገጠር ቀበሌ የኅብረቱ ስብሰባ ከማንኛውም የምርጫ ሕግ ይልቅ ለወላጁ ቅርብ ነው። ስብሰባው በቡና ለቀማ ቀን ከተጠራ ግን የሚገኘው ሰው ጥቂት ነው።

ለመምህራን ያለው ትርጉም

የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤት መምህራን በተለያየ ሕግ ይተዳደራሉ። የመንግሥት መምህር በመንግሥት ሠራተኞች ሕግና በመምህራን የደረጃ ዕድገት መመሪያ ሥር ነው፤ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በአገልግሎትና በምዘና ወደ ከፍተኛና መሪ መምህርነት ያድጋል። የግል ትምህርት ቤት መምህር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይተዳደራል። ደመወዙና ዕድገቱ በውል ይወሰናል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ እንዲያዋጡ ያዛል።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ይታያል። የግል ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ ከተማሪ ክፍያ የሚመጣ በመሆኑ ምዝገባ ሲቀንስ ሥራው አደጋ ላይ ይወድቃል። ውሉ ለአሥር ወር ብቻ የተጻፈ ከሆነ በሐምሌና በነሐሴ ያለ ደመወዝ ሊቀር ይችላል። በሌላ በኩል የክፍል ተማሪ ቁጥር አነስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከወላጅ ጋር ያለው ግንኙነትም ቅርብ ነው። የመንግሥት መምህር የሥራ ዋስትና አለው፤ ነገር ግን የተጨናነቀ ክፍልና የመጽሐፍ እጥረት ሊያጋጥመው ይችላል፤ ሲመደብም ከከተማ ርቆ ሊሆን ይችላል።

የወላጆች ምርጫ በመንግሥት ክፍሎች ላይም ተጽዕኖ አለው። አቅም ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያወጡ በወላጅ ስብሰባ ላይ የሚናገሩትም፣ ለቤተ መጻሕፍት የሚያዋጡትም አብረው ይወጣሉ። መምህሩ የሚቀሩለት ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ናቸው፤ እርሱ ግን የሚመዘነው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ፈተና ነው። በጅማ አካባቢ የግል ትምህርት ቤቶች ሲበዙ ልምድ ያላቸው የእንግሊዝኛና የሒሳብ መምህራን በትርፍ ሰዓታቸው በሁለቱም የሚያስተምሩበት ሁኔታም ይታያል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ በሕገ መንግሥት መሠረት መንግሥት ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶችና ለራሱ ትምህርት ቤቶች በእኩል ይከፍላል። በአሜሪካ የሚልዋኪ ከተማ የቫውቸር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀመረ፤ ሚኒሶታ በ1991 የመጀመሪያውን የቻርተር ትምህርት ቤት ሕግ አወጣች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ቫውቸር በሃይማኖት ትምህርት ቤት ጭምር ጥቅም ላይ ሊውል እንደሚችል ወሰነ። አሪዞና በ2022 የትምህርት ቁጠባ ሒሳብን ለሁሉም ተማሪ ክፍት አደረገች።

ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1981 ቫውቸርን በመላ አገሪቱ ሠራችበት። በተከታዮቹ ዓመታት ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ነገር ግን በ2006 የታተመ የታወቀ ጥናት የአገሪቱ አማካይ ውጤት በዚህ ምክንያት እንዳልተሻሻለ፣ የተሻለ አቅም ያላቸው ተማሪዎች ግን ወደ ግል እንደተሰበሰቡ አመለከተ። ቺሊ በ2015 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪ እንዳይመርጡ፣ ከወላጅ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅን እንዲያቆሙና ለትርፍ እንዳይሠሩ ወሰነች።

ለኢትዮጵያ ሁኔታ ቅርብ የሆነው የሕንድ ምሳሌ ነው። በ2009 የወጣው የሕንድ የትምህርት መብት ሕግ የግል ትምህርት ቤቶች ከመግቢያ ክፍላቸው 25 በመቶውን ቦታ ለድሃና ለተገለሉ ቤተሰቦች ልጆች እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ መንግሥትም ለእያንዳንዱ ልጅ ይከፍላል።

ምርጫ በሚፈቀድበት ቦታ ሁሉ ሌላ ችግር ይነሣል። ፈላጊው ከቦታው ሲበልጥ ማን ይግባ? ለዚህ ብዙ ከተሞች ጌልና ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡትን ስሌት ይጠቀማሉ። እያንዳንዱ ተማሪ የሚፈልጋቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይጽፋል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንደኛ ምርጫቸው ይልካል። ትምህርት ቤቱ በቅድሚያ መመዘኛው፣ ለምሳሌ በቅርበት ወይም በዕጣ፣ እስከ ቦታው ድረስ ለጊዜው ይይዛል፤ የተረፉትን ይመልሳል። የተመለሱት ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳሉ፤ ትምህርት ቤቱም አዲሱን ከያዘው ጋር እንደገና ያወዳድራል። ይህ የሚመለስ ተማሪ እስኪጠፋ ድረስ ይደገማል። የስሌቱ ጥቅም ወላጅ እውነተኛ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል በመጻፉ አለመጎዳቱ ነው፤ «አንደኛ ብጽፈው ባይሳካስ» ብሎ መስጋት አያስፈልገውም። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ቦስተን በ2005 ይህን አሠራር ተቀብለዋል።

በኢትዮጵያ ምርጫን በቅደም ተከተል ማስገባት የሚታወቀው በዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው። ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግን በዚህ መልክ አይሠራበትም።

ክርክሩ

የግል ትምህርት ቤቶችን መስፋፋት የሚደግፉ ወገኖች መንግሥት ብቻውን በቂ ትምህርት ቤት ሊያቀርብ አይችልም፣ ውድድር ጥራትን ያመጣል፣ ወላጅም ለልጁ የሚበጀውን ያውቃል ይላሉ። የሚጠራጠሩት ደግሞ መክፈል የሚችል ሲወጣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠባቂ ያጣል፣ የሀብታምና የድሃ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ ይቀራል፣ ገጠሩም ከውድድሩ ውጭ ይሆናል ብለው ይከራከራሉ።

በጅማና በዙሪያዋ ሁለቱም ሐሳቦች የሚታዩበት ቦታ የተለያየ ነው። በሰቶ ሰመሮ ወይም በሌላ የከተማው ቀበሌ አማራጭ ትምህርት ቤት አለ፤ የሚጎድለው ክፍያውን የሚደግፍ ሕግና አስተማማኝ መረጃ ነው። በጎማ ወይም በሌላ የቡና ወረዳ የገጠር ቀበሌ ደግሞ ቫውቸር ቢሰጥ እንኳ የሚውልበት ሁለተኛ ትምህርት ቤት የለም፤ ለዚያ ልጅ የሚበጀው ምርጫ ያለው አንዱ ትምህርት ቤት ራሱ ጥሩ መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 የጣለው በእኩልነት የማቅረብ ግዴታ የሚመዘነው በሁለተኛው ቦታ ነው።

ገንዘብን ሳይነኩ ሊሻሻሉ የሚችሉ ነገሮችም አሉ። የኢንስፔክሽን ደረጃ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ መለጠፍ፣ የግል ትምህርት ቤቶች ለገበሬ ወላጆች ክፍያን በቡና ሽያጭ ወራት የሚሰበስቡበት ውል መፍቀድ፣ የወላጅ ስብሰባንና የፈተና ጊዜን ከለቀማ ወራት ጋር ማጣጣም ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። ሦስቱም አዲስ አዋጅ የሚጠይቁ አይደሉም፤ በትምህርት ቤት፣ በወረዳና በክልል ደረጃ በሚደረግ ስምምነት ሊፈጸሙ ይችላሉ።